የሙኒኩ የልጆች መጻሕፍት ግንብ

ከሙኒክ ከተማ በስተ ምዕራብ፣ ኦበርመንዚንግ በሚባለው ሰፈር፣ ብሉተንቡርግ የሚሉት ትንሽ ግንብ አለ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የባቫሪያ መሳፍንት ለአደን ሲወጡ ያርፉበት ነበር። ዛሬ ግንቡን የያዙት መጻሕፍት ናቸው፤ ከ250 በሚበልጡ ቋንቋዎች የታተሙ፣ ቁጥራቸው ከ600 ሺህ የሚያልፍ የልጆችና የወጣቶች መጻሕፍት። አብዛኞቹ ከግቢው ሥር በተሠራው ምድር ቤት ተደርድረዋል። ከላይ ልጆች ገብተው መጽሐፍ የሚዋሱበት ክፍል፣ የተመራማሪዎች ማንበቢያና የኤግዚቢሽን ክፍሎች አሉ። ቦታው ዓለም አቀፍ የወጣቶች ቤተ መጻሕፍት ይባላል። ልጆችን ከሌላ ሕዝብ ኑሮና ወግ ጋር በባለሥዕል መጽሐፍ ማስተዋወቅ የሚለው ሐሳብ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ይነገራል፤ በትልቁ ቀድመው ከሞከሩት አንዱ ግን ይህ ቤተ መጻሕፍት ነው።

ቤተ መጻሕፍቱ ወደ ግንቡ የገባው በ1983 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የተወለደው ከዚያ ብዙ ቀድሞ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ሲሆን ወላጁ አንዲት ሴት ናቸው።

ዬላ ሌፕማን በ1891 ሽቱትጋርት ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። ጋዜጠኛ ነበሩ፤ ባላቸው በወጣትነት ሞተውባቸው ሁለት ልጆች ብቻቸውን አሳድገዋል። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ሥራቸውን አጡ፤ በ1936 ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። በ1945 የተመለሱት የአሜሪካን ጦር የደንብ ልብስ ለብሰው፣ የሴቶችና የወጣቶች ጉዳይ አማካሪ ተብለው ነው።

ያገኙት ፍርስራሽ ነው። ልጆቹ የሚበሉትም የሚለብሱትም በቅጡ የላቸውም። የሚነበበውን ነገር ደግሞ ናዚዎች አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ገሚሱን አቃጥለው፣ ገሚሱን ከልክለው፣ የቀረውን በራሳቸው ስብከት ሞልተውታል። እንዲህ ባለ ጊዜ «ዳቦው ይቅደም» የሚል ሰው አይፈረድበትም። ሌፕማን ግን ዳቦና መጽሐፍ አብረው መምጣት አለባቸው ባይ ነበሩ። ለመጽሐፍ የተመደበ ገንዘብ ስላልነበረ ያላቸው መንገድ ልመና ብቻ ነው፤ ለ20 አገሮች ደብዳቤ ጻፉ።

ደብዳቤው ከደረሳቸው ብዙዎቹ ትናንት በጀርመን የተወረሩ ወይም ከጀርመን ጋር የተዋጉ ናቸው። ቤልጂየም አልልክም አለች፤ በአንድ ሰው ዕድሜ ሁለት ጊዜ በጀርመን ጦር የተረገጠች አገር ናትና መልሱ የሚጠበቅ ነበር። ሴትዮዋ ግን እምቢታን በቀላሉ የሚቀበሉ አልነበሩም። ሌላ ደብዳቤ ጻፉ፤ ሦስተኛ ወረራ እንዳይመጣ ከተፈለገ መጀመር ያለበት ከእነዚህ ልጆች ነው የሚል። ቤልጂየም ሐሳቧን ለውጣ ላከች፤ ያውም ከደኅና ደኅናው።

መጻሕፍቱ በጁላይ 1946 ሙኒክ ውስጥ ለሕዝብ ታዩ። ቦታው ሀውስ ዴር ኩንስት ነበር፤ ናዚዎች «እውነተኛ የጀርመን ጥበብ» የሚሉትን ለማሳየት ሠርተው በ1937 የከፈቱት አዳራሽ። ኤግዚቢሽኑ በኋላ እስከ በርሊን ድረስ ተዘዋወረ። የጀርመን ልጆች ፈረንሳይኛውንም እንግሊዝኛውንም አያነቡም፤ ስለዚህ ሸክሙ የወደቀው በሥዕሎቹ ላይ ነው። ያም ሆኖ አንዳንድ ታሪክ በቋንቋቸው መድረስ ነበረበት። መዋጋት ትቶ አበባ እያሸተተ መቀመጥ ስለሚመርጥ የስፔን በሬ የሚተርከውን የመንሮ ሊፍን «ፈርዲናንድ» ሌፕማን ራሳቸው ወደ ጀርመንኛ መለሱት፤ በጋዜጣ ወረቀት 30 ሺህ ቅጂ ታትሞ ለበርሊን ልጆች ታደለ። ያ በሬ በናዚዎች ዘመን የታገደ ነበር። አበባ የሚያሸት በሬ ምን እንዳስፈራቸው መገመት አያዳግትም።

አሁን የሴትዮዋን ልመና አንድ ጊዜ እንመልከተው፤ ለእኔ ጉዳዩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። አገሮቹን የጠየቁት የራሳቸው ልጆች የሚያነቧቸውን ምርጥ መጻሕፍት ነው። አገር አስተዋዋቂ መጽሐፍ ላኩ ቢሉ ኖሮ ምን ይመጣላቸው እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ በየገጹ በዓል፣ በየገጹ የባህል ልብስና ጭፈራ። የእኛም አገር ለውጭ ልጆች ሲሣል ከዚህ አያመልጥም። ልጅቷ ሁልጊዜ ነጭ በነጭ ናት፣ ቡናው ሁልጊዜ ይፈላል፣ ታክሲ የሚጠብቅ ወይም የቤት ሥራውን ሳይሠራ የሚተኛ ልጅ የለም። ለእንግዳ የሚሠራ መጽሐፍ እንደ ሳሎን ነው፤ ልጅ የሚኖረው ጓዳ ነው። የፈረንሳይ ልጅ በቤቱ የሚስቅበትን መጽሐፍ ያየ የጀርመን ልጅ ስለ ፈረንሳይ የተነገረው ነገር ባይኖርም የፈረንሳይን ልጅ አውቆታል።

በሮክፌለር ፋውንዴሽን ድጋፍ በሴፕቴምበር 1949 ቤተ መጻሕፍቱ ሙኒክ መሀል፣ ካውልባህ ጎዳና ላይ በሚገኝ አሮጌ ቪላ ተከፈተ። በዚያን ዘመን በጀርመን ያልተለመደ ነገር ነበር፤ ልጆች ራሳቸው ከመደርደሪያ እያነሱ ያነባሉ፣ ይሥላሉ፣ የውጭ ቋንቋ ይማራሉ፣ ስላነበቡት ይከራከራሉ፤ የልጆች የተባበሩት መንግሥታት የሚባል ክበብ ሳይቀር ነበራቸው። ከዚያ ሌፕማን ሥራውን ከቪላው አወጡት። በ1953 ዙሪክ ላይ ዓለም አቀፉ የልጆች መጻሕፍት ማኅበር ተመሠረተ። ማኅበሩ ከ1956 ጀምሮ የሃንስ ክርስቲያን አንደርሰንን ሽልማት ይሰጣል፤ በአንደርሰን የልደት ቀን፣ ኤፕሪል 2፣ በእኛ መጋቢት 24፣ የሚከበረው የልጆች መጽሐፍ ቀንም ከ1967 ጀምሮ የእርሱ ነው። ሌፕማን በ1970 ዙሪክ ውስጥ አረፉ።

ግንቡ ዛሬም በዚያው በሌፕማን ዘዴ ይሠራል። ከየአገሩ አሳታሚዎች አዲስ የታተመ መጽሐፋቸውን በነጻ ይልካሉ። የየቋንቋው ባለሙያዎች ያነባሉ፣ ይመርጣሉ፤ በየዓመቱ ከየአገሩ የላቁት ተለይተው «ዋይት ሬቨንስ» በሚባል ዝርዝር ይወጣሉ። ተርጓሚና አሳታሚ መጽሐፍ የሚያድነው ከዚህ ነው። ትልቁ ችግርም እዚሁ ይታያል፤ አሳታሚ የሌለው ቋንቋ የሚልከው የለውም፣ ያልተላከ አይመረጥም። ባለሀብቱ ቋንቋ ስለራሱም ስለሌላውም ይጽፋል፤ ሌላው የሚታየው በሰው ብዕር ብቻ ነው።

ያ ብዕር ሲሳሳት ምን እንደሚመስል ለማየት በ1938 አሜሪካ ውስጥ የታተመውን «አምስቱ ቻይናውያን ወንድማማቾች» መመልከት ይበቃል። ወንድማማቾቹ አንድ መምሰላቸው የታሪኩ ብልሃት ነው፤ ይሁን። ነገር ግን በዙሪያቸው የሚቆመው ሕዝብም ያው ቢጫ ቀለም፣ ያው የተሰነጠቀ ዓይን ነው። በኋላ ብዙ ነቀፌታ የደረሰበት በዚህ ነው።

ታዲያ ስለ ሌላው መሣል ክልክል ይሁን? ኤዝራ ጃክ ኪትስ የብሩክሊን ተወላጅ፣ ከፖላንድ የመጡ የአይሁድ ስደተኞች ልጅ ነበሩ። በ1940 ላይፍ ከተባለው መጽሔት የአንድ ትንሽ ጥቁር ልጅ ፎቶዎች ቆርጠው አስቀመጡ፤ ሃያ ዓመት ያህል አኖሯቸው። በ1962 ከእነዚያ ፎቶዎች ፒተር ወጣ፤ በረዶ በወረደበት ማለዳ ቀይ የበረዶ ልብሱን ለብሶ ውጭ የሚጫወተው የ«ዘ ስኖዊ ዴይ» ልጅ። ስለ ጥቁርነቱ መጽሐፉ አንድም ቃል አይናገርም፤ ልጁ በረዶ ላይ ዱካውን ያያል፣ ያቺው ናት ነገሯ። በማግሥቱ ዓመት ካልደኮት የተሰኘውን ትልቁን የሥዕል መጽሐፍ ሽልማት አገኘ። እንዲያም ሆኖ ያን ጊዜም ጥቁሩን ልጅ ነጭ ሠዓሊ መሣላቸውን የተቹ ነበሩ። ትችቱ ሙሉ በሙሉ አያሳምነኝም፤ ሃያ ዓመት አንድን ፊት ማየት ቀላል ፍቅር አይደለም። የጥቁር ደራስያን በር ለምን እንዲህ ጠበበ የሚለው ጥያቄ ግን ትክክል ነበር።

የበሩ ጥበት የገጠማቸው አንድ ኢትዮጵያዊ አሉ። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በስደት አሜሪካ ገብተው በሳንፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ባለሙያ ሆኑ። ከብዙ አገር ለመጡ ልጆች በየቋንቋቸው መጽሐፍ ሲያስገቡ በአማርኛ የሚያስገቡት አጡ። ቢያጡ ራሳቸው አዘጋጁ፤ ስለ ሞኙ ማሞ የሚተርከው፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የተጻፈው ባለሥዕል መጽሐፍ በ2002 ወጣ። በኋላ ኢትዮጵያ ሪድስ ተብሎ የታወቀውን ድርጅት አቋቁመው በ2003 አዲስ አበባ፣ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ሐዋሳ ላይ ደግሞ በአህያ ጋሪ የሚዞር ቤተ መጻሕፍት ተጀመረ። ማሞ የእኛ አገር ልጅ በቤቱ ሲስቅበት የኖረ ተረት ነው፤ ሌፕማን ደብዳቤ ቢልኩልን ልንልክላቸው የሚገባን እንዲህ ያለውን ነበር።

ለቤት የሚሆን መጽሐፍ የሚመርጥ ወላጅ ከዚህ ሁሉ ሁለት ነገር ቢወስድ ይበቃዋል። አንደኛው ስለ አገሩ ከሚያስረዳው ይልቅ የአገሩ ሰው ለራሱ ልጆች የጻፈውን መፈለግ ነው፤ የጃፓንን ልጅ ከኪሞኖው ይልቅ ከወንድሙ ጋር ሲጣላ ማየቱ ይበልጣል። ሌላው የአነባበብ ጉዳይ ነው። እኛ አዋቂዎች መጽሐፍ ስንከፍት ወዲያው ማስረዳት እንወዳለን፤ «ይኼውልህ፣ እነሱ እንዲህ ነው የሚበሉት» እንላለን። ልጁ ግን ያየው ሌላ ነው፤ ከጠረጴዛው ሥር የተደበቀችውን ድመት። ቋንቋውን የማታውቁት መጽሐፍ እጃችሁ ከገባ ደግሞ እሰየው፤ አባትም እናትም ማስረዳት ስለማይችሉ ሦስታችሁም እኩል ትገምታላችሁ። ልጁ «ለምን እንዲህ ይለብሳሉ?» ሲል መልስ ከመቸኮል «አንተስ ለሠርግ ምን ትለብሳለህ?» ብሎ መመለስ ይሻላል። ውጭ አገር የምትኖር እናት ደግሞ ነገሩን ገልብጣ ትሠራዋለች፤ የአማርኛ መጽሐፉን ይዛ የልጇ መማሪያ ክፍል ትገባለች፣ በአማርኛው ታነበዋለች፣ ሥዕሉን ለፈረንጆቹ ልጆች ትተወዋለች። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቁት ስለ ፊደሉ ነው፤ ቀጥሎ ስለ ማሞ።