ሰኑዋ የምትሰማው

ደባርቅ ውስጥ ጌም ቤት ገብቶ «ሔልብሌድ»ን መክፈት ገንዘብ ማባከን ነው። ጌም ቤት የኳስ ቦታ ነው። ሁለት ሰዎች ጆይስቲክ ይዘው ይጋጠማሉ፤ ከኋላቸው ቆሞ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ደግሞ «አቀብለው! ምታው እንጂ!» እያለ አሠልጣኝ ይሆናል። ይህ ጨዋታ ግን ገና ሲጀምር የጆሮ ማዳመጫ እንድናደርግ ይመክረናል። ምክሩን ችላ ብሎ የተጫወተ ሰው ግማሹን አላገኘውም፤ እንዲያውም ከግማሽ በላይ ቀርቶበታል ባይ ነኝ።

«ሔልብሌድ፡ ሰኑዋዝ ሳክሪፋይስ» ነሐሴ 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ለፕሌይስቴሽን 4 እና ለኮምፒውተር ወጣ። የሠራው ኒንጃ ቲዮሪ ይባላል፤ በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ከተማ የሚገኝ ስቱዲዮ ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ለአንድ ጨዋታ በመቶ የሚቆጠር ባለሙያ ሲያሰማሩ እነዚህ 20 ያህል ሆነው፣ ያለ አሳታሚ፣ በራሳቸው አቅም ሦስት ዓመት ያህል ለፉበት። ዋጋውንም ከተለመደው በግማሽ ያህል አውርደው 30 ዶላር አሉት። ደራሲውና ዳይሬክተሩ ታሚም አንቶኒያዴስ ነው። ሰኑዋን ሆና የተወነችው ሜሊና ዩርገንስ ደግሞ ተዋናይት አልነበረችም፤ የስቱዲዮው የቪዲዮ አርታኢ ነበረች። ለሙከራ ያህል ካሜራ ፊት አቆሟት፤ በዚያው ቀረች፤ በኋላም በትወናዋ የእንግሊዙን የባፍታ ሽልማት ወሰደች።

ታሪኩ የሚሆነው በስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ሰኑዋ ከስኮትላንድ በስተ ሰሜን ካሉት የኦርክኒ ደሴቶች የመጣች የፒክት ነገድ ተዋጊ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ትሰማለች፣ ሌላው የማያየውን ታያለች። እናቷ ጋሌናም እንዲሁ ነበረች። አባቷ ዚንቤል ይህ የአማልክት እርግማን ነው ብሎ ያምናል፤ ልጁን ከሰው ለይቶ ዘግቶባት አሳደጋት። ከዚያ ጨለማ ያወጣት ዲሊየን የሚባል ወጣት ነው። በኋላ መንደሩ ውስጥ ወረርሽኝ ሲገባ ሰኑዋ «መዓቱ በኔ ምክንያት ነው» ብላ ብቻዋን ጫካ ገባች። ስትመለስ የሰሜን ባሕር ወራሪዎች መንደሩን አጥፍተው፣ ዲሊየንንም ለአማልክታቸው ሠውተው አገኘች። ራስ ቅሉን በጨርቅ ጠቅልላ ወገቧ ላይ አስራ፣ ነፍሱን ከሙታን አገር ለማስመለስ ስትነሣ ጨዋታው ይጀምራል።

አሁን ወደ ጆሮው ልምጣ፤ የዚህ ሥራ ዋናው ሙያ እዚያ ነውና። የድምፅ ኃላፊው ዳቪድ ጋርሲያ ዲያስ ድምፆቹን የቀረጸው በሰው ራስ ቅርጽ በተሠራ፣ በሁለት ጆሮዎቹ ውስጥ ማይክሮፎን በተቀመጠለት መሣሪያ ነው። የድምፅ ተዋናዮቹ በዙሪያው እየተዘዋወሩ ያወራሉ፤ አንዴ ከማጅራቱ በኩል ያንሾካሹካሉ፣ አንዴ ቀኝ ጆሮው ሥር ይስቃሉ። ድምፅ ወደ ሁለቱ ጆሮዎቻችን የሚደርሰው በጥቂት የጊዜና የጉልበት ልዩነት፣ የጆሯችን ቅርጽም በሚያመጣው የቃና ልዩነት ነው፤ አእምሯችንም ከዚያ ልዩነት ተነሥቶ «ከኋላዬ ነው፣ ቅርብ ነው» ይላል። መሣሪያው ያን ልዩነት እንዳለ ስለሚይዘው፣ በማዳመጫ የሚሰማው ተጫዋች ዞር ብሎ ማየት ያምረዋል። እኔ ዞሬያለሁ።

ድምፆቹ ብዙ ናቸው፤ እርስ በርስም አይስማሙም። አንዷ «ግቢ» ስትል ሌላዋ «እንዳትገቢ፣ ትሞቻለሽ» ትላለች። ሦስተኛዋ ትሳለቃለች። ከሁሉም በላይ ረጋ ብላ ታሪኩን የምትነግረን ዚምባብዌያዊቷ ተዋናይት ቺፖ ቹንግ ናት፤ እሷም የምትናገረው ከሰኑዋ ራስ ውስጥ ሆና ነው። በሌሎች ጨዋታዎች የምናውቀው የጤና መጠን ማሳያ፣ ካርታ፣ ነጥብ፣ አንዱም ስክሪኑ ላይ የለም። የሚመራን እነዚህ ድምፆች ናቸው፤ እነሱም አንዳንዴ ይዋሻሉ።

ይህ ሁሉ ከደራሲ ምናብ ብቻ የፈለቀ አይደለም። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው የአእምሮ ሐኪም ፕሮፌሰር ፖል ፍሌቸር ከመጀመሪያው አማካሪ ነበሩ፤ የጤና ምርምርን የሚደግፈው ዌልካም ትረስት ገንዘብ ረዳ። ሳይኮሲስን፣ ማለትም ሌላው የማይሰማውንና የማያየውን የሚያሰማና የሚያሳይ የአእምሮ ሕመምን፣ በራሳቸው ሕይወት ያለፉበት ሰዎችም እየተጠሩ ሥራውን አዩ፣ «እንዲህ አይደለም፣ እንዲህ ነው» ብለው አረሙ። ለምሳሌ በጨዋታው ውስጥ የተዘጋ በር የሚከፈተው በሩ ላይ የተጻፈውን ምልክት በአካባቢው ውስጥ በማግኘት ነው። ሁለት የተሻገሩ ግንዶች፣ የግድግዳ ጥላ፣ የተሰበረ አጥር ከአንድ ቦታ ሆነው ሲያዩአቸው ፊደል ይሠራሉ። ሳይኮሲስ ውስጥ ያለ ሰው ሌላው ዝም ብሎ በሚያልፈው ነገር ውስጥ ለእሱ ብቻ የተላከ መልእክት ያያል፤ ጨዋታው ይህን አላስረዳንም፣ እኛንም ፍለጋ ውስጥ አስገባን እንጂ። ሁለት ሰዓት ከተጫወቱ በኋላ የቤት ጣሪያ ላይ ሳይቀር ፊደል መፈለግ ይመጣል፤ ጣጣው ይህ ነው።

ጨዋታው ሐኪም የለበትም፤ ክኒን፣ ነጭ ጋዎን፣ የበሽታ ስምም የለበትም። ያለው እርግማን፣ መንፈስና የአማልክት ቁጣ ነው። ይህን ጨዋታ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ለስሜን ሰው የሚያቀርበው ይህ ይመስለኛል። ከዳባት እስከ ሊማሊሞ ቁልቁለት ድረስ ብቻውን የሚያወራ ልጅ ያለበት ቤት በመጀመሪያ የሚያስበው ጠበል ነው፤ ዛር ነው፣ ቡዳ ነው፣ ድግምት ነው እየተባለ አዋቂ ይጠየቃል፤ እስከ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎንደር ሐኪም ቤት መድረስ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ነው። እንዲህ ያለውን ቤተሰብ «ኋላ ቀር» ብሎ መዝለፍ ቀላል ነው። «ሔልብሌድ» አይዘልፍም። ሰኑዋ ያመነችውን ያምንላታል፤ ሔላ የምትባለውን የሙታን ንግሥት ልትገጥም ስትሄድ እኛም አብረን እንሄዳለን። የሚከስሰው ሌላውን ነገር ነው፤ እምነቱን ልጅን ለመዝጋት የተጠቀመውን አባት።

መዝጋቱንና ማሰሩን እኛም እናውቀዋለን። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ባለው በሶዶ ወረዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ቤተሰቦች የታመመ ልጃቸውን በሰንሰለት የሚያስሩት ጨክነው እንዳልሆነ፣ መድኃኒቱም ረዳቱም ጠፍቶ ሌላ መላ ሲያጡ እንደሆነ አሳይቷል። እዚያው አቅራቢያ ቡታጅራ ላይ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 68,378 ሰው ቤት ለቤት ጠይቀው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለይተው ነበር፤ ከተገኙት አብዛኞቹ መድኃኒት ቀምሰው አያውቁም። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ካህናትና የአእምሮ ሐኪሞች ጠበሉን ከመድኃኒቱ ሳያጣሉ አብረው የሚሠሩበት ቦታ አለ። የሰኑዋ አባት እንዲህ ያለ ጎረቤት አልነበረውም።

ሌላም የሚያቀርበን ነገር አለ፤ ማንሣቱ ደስ ባይልም። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ መጥቶ ብዙ ሰላማዊ ሰው አለቀ። ከሽሽት ተመልሶ ቤቱን ባዶ ያገኘ ሰው ለሰኑዋ ታሪክ መግቢያ አያስፈልገውም። ለዚህ ሰው ጨዋታውን «ይጠቅምሃል» ብዬ ግን አልሰጠውም። ሠሪዎቹም ቢሆኑ መጀመሪያው ላይ ማስጠንቀቂያ ጽፈዋል።

እንከኑን ልናገር። የሰይፍ ፍልሚያው ይደጋገማል፤ ለገበያ ሲባል የተጨመረ እስኪመስል። በፍልሚያ መሀል ድምፆቹ «ከኋላሽ!» እያሉ ያስጠነቅቋታል፤ ሕመሙ ለውጊያ የሚበጅ ስጦታ እንዳይመስል ያሠጋል። ብዙ ያከራከረው ደግሞ ይህ ነው፦ ሰኑዋ በተሸነፈች ቁጥር ክንዷ ላይ ጥቁረት ይወጣል፤ ራሷ ላይ ከደረሰ የተጫወታችሁት ሁሉ ይጠፋል ይለናል ጨዋታው። ተጫዋቾች ሲሞክሩት አይጠፋም። ተታለልን ብለው የተቆጡ አሉ። እኔ ግን ጥበብ ነው እላለሁ፤ የሌለ ነገር በእውነት ሲያስፈራን ቆይቷል፣ ሰኑዋም የምትኖረው በዚሁ ውስጥ ነው። ሲያልቅም ድምፆቹ አልጠፉም፤ የተለወጠው እሷ ከእነሱ ጋር የምትሆንበት መንገድ ነው።

ጨዋታው በሦስት ወር ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን ተሸጠ። በዓለም የአእምሮ ጤና ቀን፣ መስከረም 30፣ የተገኘውን የቀኑን ገቢ እንግሊዝ ውስጥ ለሕሙማን ለሚሠራ ድርጅት ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2018 ማይክሮሶፍት ስቱዲዮውን ገዛው፤ ሁለተኛው ክፍል በ2024 ወጣ። የነፃ ሠሪነቱ ዘመን በሽያጩ አበቃ።

ጨዋታው አማርኛ የለውም። ከሥር ትርጉም መጻፍ ደግሞ አያዋጣም፤ ጆሮ ውስጥ የሚያንሾካሹክ ድምፅ ሲነበብ ሌላ ነገር ነው። የሚሰማው ድምፅ ራሱ ከአገር አገር ይለያያል፦ የአሜሪካዋ አንትሮፖሎጂስት ታንያ ሉርማን ከባልደረቦቿ ጋር በካሊፎርኒያ፣ በጋናዋ አክራና በሕንዷ ቼናይ ድምፅ የሚሰሙ 20፣ 20 ሰዎችን ጠይቃ ነበር። አሜሪካውያኑ የሚሰሙት በአብዛኛው የሚያጠቃና የሚዝት ነው፤ አክራ ላይ ብዙዎች እግዚአብሔር ያናግረናል አሉ፤ ቼናይ ላይ ዘመድ ነው፣ «ተነሥ፣ ታጠብ፣ ሥራህን ሥራ» የሚል። የሰኑዋ ድምፆች የካምብሪጅ አካባቢ ሰዎች የነገሯቸው ናቸው። እዚህ ቢሠራ የሚያወራው አያት ይሆን፣ ታቦት፣ ወይስ ዛር? ቅኔ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ከገበሬ የምትሸሽ ዶሮ ይዞ «ኩኩሉ»ን ሠርቷልና ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው አልጠፋም። ዳባት ላይም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ልደቱንና ሞቱን ቤት ለቤት ሲመዘግብ ኖሯል፤ በሩን የሚያንኳኳው ሰው በየቤቱ ይታወቃል። በዚያ በር ገብቶ «ምን ይሉሃል?» ብሎ መጠየቅ፣ የተባለውንም በተባለበት ቃና መቅዳት ነው የቀረው።