መስተዋቱ፣ ፍሬኑና ቀበቶው

አውቶቡስ ውስጥ ስንቀመጥ ሹፌሩን እንመልከት። አንገቱን ሳያዞር ከኋላው የሚመጣውን ያያል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይይዛል። ቀበቶም ያስራል። እነዚህ ሦስት ነገሮች በመኪና እሽቅድምድም ሜዳ ተፈትነዋል። ታሪካቸውን እንይ። ዓመቶቹን የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

መስተዋቱ

በ1911 አሜሪካ ውስጥ፣ ኢንዲያናፖሊስ በምትባል ከተማ፣ ትልቅ የመኪና እሽቅድምድም ተደረገ። ርቀቱ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ያኔ በአንድ መኪና ሁለት ሰው ይቀመጣል። አንዱ ይነዳል። ረዳቱ ደግሞ የኋላውን እያየ ይነግረዋል። ሬይ ሃሩን የሚባል ተወዳዳሪ ግን ብቻውን ቀረበ። ሌሎቹ የኋላውን ስለማያይ አደጋ ያመጣብናል ብለው ተቃወሙ። እሱም ከፊቱ መስተዋት ተከለ። ሐሳቡን ያገኘው ቀደም ሲል በፈረስ ጋሪ ላይ መስተዋት አይቶ እንደሆነ ተናግሯል። 6 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ነድቶ አሸነፈ። መንገዱ ጡብ ስለነበር መስተዋቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቢሆንም ሐሳቡ ተስፋፋ። ዛሬ መስተዋት የሌለው መኪና የት አለ?

ፍሬኑ

ፈረንሳይ ውስጥ በለ ማን ከተማ ቀንና ሌሊት፣ 24 ሰዓት ሙሉ የሚነዳበት እሽቅድምድም አለ። የድሮ መኪናዎች ፍሬን የሚሠራው ከበሮ በሚመስል ብረት ውስጥ ነበር። ሸራው ከውስጥ ብረቱን እየፈተገ ጎማውን ያቆማል። ታዲያ ሲፋተግ ይግላል። ሙቀቱ እንደ ልብ አይወጣም። በጣም ሲግል ፍሬኑ እምቢ ይላል። በ1953 ጃጓር የተባለው ኩባንያ ዲስክ ፍሬን ያላቸው መኪናዎች ይዞ መጣ። ዲስክ እንደ ሰሃን ጠፍጣፋ ብረት ነው። ከግራና ከቀኝ ተጨምቆ ይያዛል። ነፋስ ስለሚያገኘው ቶሎ ይቀዘቅዛል። በዚያ ዓመት ጃጓር አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ዲስክ ፍሬን ወደ ቤት መኪናዎች ገባ።

ይሁን እንጂ ዛሬም ብዙ የጭነት መኪናዎችና አውቶቡሶች የከበሮውን ዓይነት ፍሬን ይይዛሉ። ስለዚህ እንደ ዓባይ በረሃ ባለ ረዥም ቁልቁለት ብልህ ሹፌር ፍሬኑን ብቻ አያምንም። በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ቀስ አለ ብለን አንቆጣው።

ቀበቶው

ድሮ ብዙ ተወዳዳሪዎች ቀበቶ አያስሩም ነበር። እሳት ቢነሳ አስሮ ያስቀረናል ብለው ይፈሩ ነበር። በ1966 ጃኪ ስቱዋርት የሚባል የስኮትላንድ ሰው በቤልጅግ አገር በዝናብ ሲወዳደር ከመንገድ ወጣ። መኪናው ተጨማደደበት። መሪው እግሩን ያዘው። ቤንዚን በላዩ ፈሰሰ። አንዲት ፍንጣሪ ብትነሳ አለቀለት! ያወጡት ሁለት ተወዳዳሪ ጓደኞቹ ናቸው። ያወጡትም ከተመልካች በተዋሱት የብሎን መፍቻ ነው። 25 ደቂቃ ያህል ፈጀ።

ስቱዋርት ከዳነ በኋላ ዝም አላለም። ቀበቶ ይታሰር፣ ሐኪም በቦታው ይገኝ፣ እሳት የሚያጠፋ ይዘጋጅ እያለ ተከራከረ። አንዳንዶች ፈሪ አሉት። ፈሪ ነበር እንዴ? በ1969፣ በ1971 እና በ1973 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ!

የክርክሩ ፍሬ ኋላ ታየ። በ2020 ባህሬን ውስጥ የፈረንሳዩ ሮማን ግሮዣን መኪና ከብረት አጥር ጋር ተጋጨ። ለሁለት ተቆርጦ በእሳት ተያያዘ። ግሮዣን እሳቱ ውስጥ 28 ሰኮንድ ያህል ቆየ። ነገር ግን ቀበቶው አጥብቆ ይዞት ነበር። በራሱ ዙሪያ የተሠራው ጠንካራ ብረትም ጭንቅላቱን አዳነው። ቀበቶውን ራሱ ፈትቶ ወጣ። እጆቹ ቢቃጠሉም ነፍሱ ተረፈች።

እኛስ?

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከግንብ ጋር ቢጋጭ፣ ከ14 ሜትር ገደል እንደ መውደቅ ነው። መኪናው ይቆማል፤ ያልታሰረ ሰው ግን አይቆምም። ወደ ፊት ይወረወራል። በክንድ ጉልበት ልያዝ ቢል አይችልም። ልጁን ያቀፈች እናትም ልጇን ይዛ ማስቀረት አትችልም።

እንግዲህ የተቀመጥንበት ወንበር ቀበቶ ካለው እንሰረው። ሹፌሩንም ፍጠን አንበለው። ዘግይቶ መድረስ ጨርሶ ካለመድረስ ይሻላል።

እንወያይ
1. ዲስክ ፍሬን ቶሎ የሚቀዘቅዘው ለምንድን ነው?
2. ስቱዋርትን ፈሪ ያሉት ሰዎች ትክክል ነበሩ?
3. በመንደራችን መንገድ ሹፌሮች ቀስ ማለት ያለባቸው የት የት ላይ ነው?