እጅ መፍቻ

ልጅ መጀመሪያ የሚማረውን ቋንቋ «አፍ መፍቻ» እንለዋለን። የምልክት ቋንቋ ልማር ብሎ የሚመዘገብ ሰውም ይህንኑ ስሌት ይዞ ይመጣል፤ በአፍ ፈንታ እጅ ገብቷል፣ እጄ ከተፈታ ቋንቋውን ያዝኩ ማለት ነው ብሎ ያስባል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የገዛ ጣቶቹን እያየ ይለማመዳል፤ «ውሃ»፣ «እናት»፣ «ትምህርት ቤት» እያለ ምልክት ይሰበስባል። ከዚያ አንድ ቀን መስማት ከተሳናቸው ሁለት ጓደኛሞች ጋር ሻይ ሊጠጣ ይቀመጥና ሁሉም ነገር ይደበላለቅበታል። መቶ ምልክት ያውቃል፤ ከፊቱ ከሚፈሰው ጨዋታ ግን አንዱንም መለየት ያቅተዋል። የተሳሰረው እጁ አይደለም። ዓይኑ ገና አልተፈታም።

ዓይን መፍታት ደግሞ እኛን ከብዙዎች ይልቅ ሳያስቸግረን አይቀርም። ትልቅ ሰው ሲናገር አንገት ሰበር፣ ዓይን ዝቅ ማድረግ የጨዋ ልጅ ወግ ነው ተብለን ነው ያደግነው። አፍጥጦ ማየት ድፍረት ነው፤ ሰው ላይ ጣት መቀሰር ደግሞ ነውር። በምልክት ቋንቋ ግን ከሚያናግሩት ሰው ላይ ዓይንን ማንሳት ጆሮን በጣት ከመድፈን አይተናነስም። መቀሰርም ቢሆን እዚያ ስድብ ሳይሆን ሰዋስው ነው፤ «እሱ»፣ «አንቺ»፣ «እነሱ» የሚባለው ወደ ሰዎቹ፣ ወይም በንግግሩ መካከል ለእነሱ ወደ ተመደበው ባዶ ቦታ በመጠቆም ነው። ጀማሪ ይህን ሲያደርግ እጁ እንደ ሌባ እጅ ፈራ ተባ ይላል።

ቅንድብም አለ። እኛ «አዎ» ለማለት ቅንድባችንን ሰቀል፣ ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን። በደንብ በተጠናው በአሜሪካ ምልክት ቋንቋ ግን ቅንድብ ሲሰቀል ዓረፍተ ነገሩ «አዎ ወይም አይደለም» የሚያሰኝ ጥያቄ ይሆናል፤ ሲኮሳተር ደግሞ «ማን፣ የት፣ ለምን» ከሚሉት ጋር ይሄዳል። እዚያ አገር ያለ ሐበሻ ጀማሪ በልማድ ቅንድቡን ሰቀል ባደረገ ቁጥር ሳያውቀው ይጠይቃል ማለት ነው። ፊት ለስሜት ብቻ ሳይሆን ለሥርዓተ ነጥብም ሆነ ለተውሳከ ግሥ የሚያገለግል የቋንቋው አካል ነው። በትምህርቱ መቅደም ያለበት እሱ ነው ባይ ነኝ።

ከጀማሪ አእምሮ በቶሎ የማይነቀል አንድ እምነት አለ፤ የምልክት ቋንቋ በዓለም ሁሉ አንድ ነው የሚል። የዓለም መስማት የተሳናቸው ፌዴሬሽን ቁጥራቸውን ከ300 በላይ ያደርሰዋል። ዝምድናቸውም የሚነገሩትን ቋንቋዎች ዝምድና አይከተልም። እንግሊዝና አሜሪካ በአንድ እንግሊዝኛ ይነጋገራሉ፤ የምልክት ቋንቋዎቻቸው ግን አይግባቡም፤ የጣት ፊደላቸው እንኳ የእንግሊዙ በሁለት እጅ፣ የአሜሪካው በአንድ እጅ ነው። የአሜሪካው አባት ያለው ፈረንሳይ ነው። ሎራን ክሌርክ የተባለ መስማት የተሳነው የፓሪስ መምህር ከአሜሪካዊው ቶማስ ጋሎዴት ጋር አትላንቲክን ተሻግሮ፣ በ1817 ሃርትፎርድ ውስጥ ትምህርት ቤት ከፈቱ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ክሌርክ ይዞት የሄደው የፓሪስ ምልክት እዚያ ከነበሩ የአካባቢ ምልክቶች ጋር ተዋሕዶ አዲስ ቋንቋ ወጣው።

የእኛም ታሪክ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ለመስማት የተሳናቸው ልጆች የተከፈቱት ቀደምት ትምህርት ቤቶች የሚሲዮን ነበሩ፤ የስዊድን ሚሲዮን በ1950ዎቹ በከረን፣ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በነበረችበት ዘመን፣ በኋላም የአሜሪካና የሌሎች አገሮች ሚሲዮናውያን በአዲስ አበባ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የሆሳዕናው ትምህርት ቤትም የዚሁ ሰንሰለት አንድ ቀለበት ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የምንለው ውስጥ ከአሜሪካና ከሰሜን አውሮፓ ምልክቶች የተወረሱ ብዙ ቃላት የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ያበጁት ግን ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ በመኝታ ክፍል፣ በኳስ ሜዳ፣ መምህሩ ዞር ባለበት ሰዓት። ኤርትራ ውስጥ እነዚህን የውጭ ምልክቶች አስወግዶ በአገርኛ የመተካት እንቅስቃሴ ተደርጓል። አማርኛ ራሱ «ጠረጴዛ» እና «መኪና» እያለ እንዴት እንደኖረ ላሰበ ሰው፣ የተወረሰ ቃል የቋንቋን ማንነት እንደማይወስድ ማስረዳት አያስፈልገውም።

በአውሮፓ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር አልፏል። በ1880 ሚላን ላይ የተሰበሰቡ የመስማት የተሳናቸው ልጆች መምህራን ልጆቹ ከንፈር እያነበቡ እንዲናገሩ፣ ምልክት ከክፍል እንዲወጣ ወሰኑ። ከ164 ተሰብሳቢዎች መካከል መስማት የተሳነው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ትውልዶች እጃቸውን ተይዘው አለፉ። ያንን ውሳኔ የመሰረዝና የመጸጸት መግለጫ የወጣው በ2010 ቫንኩቨር በተካሄደው ተመሳሳይ ጉባኤ ነው፤ ከ130 ዓመት በኋላ።

ምልክት ቋንቋ ነው ወይስ የተቀናጀ የእጅ እንቅስቃሴ ብቻ የሚለውን ክርክር የለወጠው በዋሺንግተን በጋሎዴት ኮሌጅ መምህር የነበረው ዊልያም ስቶኪ ነው። በ1960 ባሳተመው ጥናት እያንዳንዱ ምልክት እንደ ቃል በጥቃቅን ክፍሎች እንደሚገነባ አሳየ፤ የእጁ ቅርጽ፣ ምልክቱ የሚሠራበት የአካል ቦታ፣ እንቅስቃሴው። ሌሎች በኋላ መዳፉ የሚዞርበትን አቅጣጫ ጨመሩ። ነገሩ በምሳሌ ይቀላል። በአሜሪካ ምልክት ቋንቋ የታጠፈች ሌባ ጣትን ጉንጭ ላይ ማዟዟር «ፖም» ነው፤ ያንኑ ከዓይን አጠገብ ማድረግ «ሽንኩርት»። የተቀየረው ቦታው ብቻ ነው፤ «በላ» እና «በራ» የሚለዩት በአንድ ድምፅ እንደሆነ ሁሉ። መዳፍን ዘርግቶ ደረት ላይ ማዞር «እባክህ» ሲሆን፣ በጭብጥ እጅ ከተደረገ «ይቅርታ» ይሆናል። እንግዲህ «ትንሽ ጣቴ ቢንጋደድ ምን አለበት» የሚል ጀማሪ «ትንሽ ፊደል ብቀይር ምን አለበት» እንደሚል ሰው ነው።

ከሁሉ በላይ ጀማሪን የሚማርከው የጣት ፊደል ነው። የእኛው ደግሞ ለብቻው ሊጠና የሚገባው ጥበብ አለው። የላቲን ፊደልን የሚከተሉ የጣት ፊደላት ለእያንዳንዱ ሆሄ አንድ ቅርጽ ያበጃሉ። ከሁለት መቶ በላይ ሆሄ ላለው ፊደላችን ይህ የሚሆን አልነበረም። ስለዚህ መላው ከፊደል ገበታው ራሱ ተወሰደ። ለእያንዳንዱ የፊደል ዘር አንድ የእጅ ቅርጽ ይሰጠዋል፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ ያለው ቤት ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴ ይለያል። «በ» እና «ቡ» ቅርጻቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው የእጁ አካሄድ ነው። ብራና ላይ ቅጥል የተጨመረበት ፊደል አየር ላይ እንቅስቃሴ ተጨመረበት። በልጅነቱ የኔታ ፊት «ሀ ሁ ሂ ሃ» ብሎ ያዜመ ሰው ሰባቱን እንቅስቃሴ ሲያይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ነገር ግን እዚያው ተቸክሎ መቅረት የተለመደ ወጥመድ ነው። የጣት ፊደል ለሰው ስም፣ ለቦታና ምልክት ለሌለው ቃል የሚሆን ድልድይ እንጂ ቋንቋው አይደለም። በዚያ ላይ መጻፉ ቀላል፣ ማንበቡ ከባድ ነው፤ አንድ ሳምንት ተለማምዶ ስሙን በኩራት የሚጽፍ ሰው የሌላውን ስም ሦስት ጊዜ አስደግሞም አያነበው ይሆናል።

ሁለተኛው ወጥመድ አማርኛን በእጅ መናገር ነው። የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር በልቡ እየደረደረ ቃል በቃል ምልክት ይለጥፍበታል። የሚገርመው አማርኛ ራሱ ከዚህ የሚያወጣ በር መኖሩ ነው። «ሰጠችኝ» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ሰጪዋም፣ ተቀባዩም፣ ድርጊቱም ተጠቅልለዋል። ብዙ የምልክት ቋንቋዎች እንደዚሁ ያደርጋሉ፤ «መስጠት» የሚለው ምልክት ከሰጪው ቦታ ተነሥቶ ተቀባዩ ጋ ያርፋል፤ አቅጣጫው ሲገለበጥ ሰጪው ተቀባይ ይሆናል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሦስት ቃል ለይቶ መደርደር ስለለመደ ይቸገር ይሆናል፤ እኛ ግሣችን ውስጥ ባለቤትና ተሳቢ እያጨቅን ነው የኖርነው።

የት ይማሩታል? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2008 የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋንና የመስማት የተሳናቸውን ባህል በመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማር ጀመረ። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር አለ፤ የምልክት አገልግሎት ያላቸው ቤተ ክርስቲያኖችም አሉ፤ ከእነዚህ ቤተ ክርስቲያኖች ወንበር ተነሥተው አስተርጓሚ የሆኑ ጥቂት አይደሉም። ቀስት የተሣለባቸው የምልክት መጻሕፍት ለማስታወሻ እንጂ ለመማሪያ አይበቁም፤ የቆመ ሥዕል እንቅስቃሴን አያሳይምና። ቪዲዮ ይሻላል። ቪዲዮ ግን «አልገባኝም፣ ድገመው» ሲሉት ፊቱን አይቀይርም። ከተቻለ መምህሩ ራሱ መስማት የተሳነው ቢሆን ይመረጣል፤ ክፍሉ ውስጥ ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋ መሸሽ ስለማይቻል።

ጀማሪ ከምልክት በፊት አንደበቱንም ማረም ይኖርበታል። «ደንቆሮ» የሚለው ቃላችን መስማት የማይችለውንና የማያውቀውን በአንድ ስም ይጠራል፤ «ድንቁርና» ከዚያው ግንድ ነው። «መስማት የተሳነው» የሚለው አነጋገር ረዘም ቢልም ይህን ስድብ አይሸከምም። ሌላው ወግ በልምድ ይመጣል፤ ለመጥራት ትከሻ መንካት፣ እጅ ማውለብለብ ወይም መብራት ማጥፋትና ማብራት፤ ፊት እንዲታይ ለመስኮት ብርሃን ጀርባ ሰጥቶ አለመቀመጥ፤ በሚያወጉ ሁለት ሰዎች መካከል ማለፍ ግድ ከሆነ ሳይቆሙና ይቅርታ ሳያበዙ ቶሎ ማለፍ። በይሉኝታ መካከል ላይ የሚቆመው ሰው ነው ወሬውን የሚያቋርጠው።

ይህ ሁሉ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ወላጅ ነው። መስማት የተሳናቸው ልጆች አብዛኞቹ፣ ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆኑት፣ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ትምህርት ቤት ባልደረሰበት ቤት እናትና ልጅ የራሳቸውን ጥቂት ምልክቶች ፈጥረው ይግባባሉ፤ ከግቢው አጥር ውጭ ግን ማንም አያውቃቸውም። ኑሮው በውጭ አገር ሲሆን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በዋሺንግተን አካባቢ የሚኖር የሐበሻ ቤተሰብ ልጅ በትምህርት ቤት የአሜሪካን ምልክት ይማራል፤ ቤቱ በአማርኛ ይነጋገራል፤ ወላጆቹ ገና እንግሊዝኛውን እየታገሉ ሦስተኛ ቋንቋ ይጠብቃቸዋል። እስራኤል ያለው ደግሞ ከጀርመን በመጡ መስማት የተሳናቸው ስደተኞች በኩል ሥሩ አውሮፓ የሆነ ሌላ የምልክት ቋንቋ ይገጥመዋል። አዲስ አበባ ላይ የተማሩት እዚያ ሲደርሱ ዓይናቸው የተፈታ ሆኖ ይጠቅማቸዋል፤ ቃላቱን ግን እንደገና ይጀምራሉ።

አንድ ነገር ጀማሪ በራሱ ሊወስደው አይችልም፤ የምልክት ስም። በየጊዜው ስምን በጣት ፊደል መጻፍ ስለሚያደክም ለእያንዳንዱ ሰው አጭር ምልክት ይወጣለታል፤ ከጠባሳው፣ ከፀጉሩ፣ ከአሳሳቁ ወይም ከአንድ ልማዱ ተነሥቶ። ስሙን የሚያወጡት መስማት የተሳናቸው ናቸው። መቼ እንደሚያወጡለት አይነግሩትም፤ አንድ ቀን ጨዋታው መሐል ሁለቱ እርስ በርስ ሲያወሩ አንድ የማያውቀው ምልክት ተደጋግሞ ይመጣል፣ ዓይናቸው ወደ እሱ ይዞራል። ያን ጊዜ ስለ ማን እንደሚያወሩ ይገባዋል።