ከአንጀት ቀዶ ሕክምና በኋላ ከቁስሉ አጠገብ የሚደረገው ቱቦ ለምንድን ነው?



ሆድ ተከፍቶ የአንጀት ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ሲነቃ፣ ከቁስሉ አጠገብ ቀጭን ቱቦ፣ በጫፉም ኳስ የመሰለ የጎማ ዕቃ ሊያገኝ ይችላል። በሆስፒታል በዕብራይስጥ «ኔኬዝ» ይሉታል። ቱቦውን አይቶ «በሽታው አልወጣልኝም ማለት ነው» ብሎ የሚደነግጥ ሰው አለ። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም።

በአንጀት ውስጥ በተፈጥሮ ብዙ ጀርሞች አሉ። አንጀት ሲከፈት ጥቂቶቹ ወደ ቁስሉ ሊደርሱ ይችላሉ። ከቆዳው ሥር ደግሞ ደምና ውሃ መሰል ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ ይህ ለጀርም ምቹ ነው። ቁስሉ ካመረቀዘ ስፌቱ ሊለቅ፣ የሆስፒታል ቆይታውም ሊረዝም ይችላል። ኳሱ ተጨምቆ ሲዘጋ ፈሳሹን በቱቦው እየሳበ ያወጣል።

ቱቦው ለሁሉም ሰው አይደረግም። ብዙ ከቆየ እሱም የጀርም መግቢያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ የቁስሉን ንጽሕናና የሆዱን ስብ ውፍረት አይቶ ይወስናል። አንዳንዱ ቱቦ ከቆዳ ሥር፣ ሌላው ወደ ሆድ ውስጥ ጠልቆ ይቀመጣልና የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ።

ከቱቦው ጋር ወደ ቤት ከተመለሱ፦

• ቱቦውን ከመንካትዎ በፊትና በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።
• ኳሱን ከቁስሉ ዝቅ አድርገው ከልብስዎ ጋር ያያይዙት፤ ቱቦው እንዳይታጠፍ ወይም እንዳይጎተት ይጠንቀቁ።
• ነርሷ እንዳሳየችዎት ኳሱን ባዶ ያድርጉ፤ የፈሳሹን መጠንና መልክ በየቀኑ ይጻፉ። ቱቦው የሚወጣበትን ጊዜ ለመወሰን ሐኪሙን ይረዳዋል።
• ቅቤ፣ ማር ወይም የአገር ቤት መድኃኒት ቁስሉ ላይ አያድርጉ።
• ቱቦውን ራስዎ አይንቀሉ፤ ከወጣም መልሰው አያስገቡት። ለሐኪምዎ ይደውሉ።

ፈሳሹ መጀመሪያ ቀይ ሆኖ ቀስ በቀስ ቀለሙ እየፈዘዘና መጠኑ እየቀነሰ መሄዱ የተለመደ ነው። ነገር ግን በድንገት ብዙ ደም ከመጣ፣ ፈሳሹ መግል ወይም ሰገራ ከመሰለ፣ ከሸተተ፣ ትኩሳትዎ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ወይም ቁስሉ ከቀላና ሕመሙ ከባሰ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ወይም ወደ ሚዩን ይሂዱ።

ልጆችም ይህን አስተውሉ፦ አባትና እናት ሕመማቸውን ችለው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ሊሉ ይችላሉ። በቃላቸው ብቻ አትለፉ፤ ቁስሉንና ኳሱን በዓይናችሁ እዩ። ዕብራይስጡ ካልገባቸው በኩፓት ሆሊም ወይም በሆስፒታሉ አስተርጓሚ ጠይቁ። መጠየቅ ሐኪምን መድፈር አይደለም።