የጠርዝ እንጨት አቆራረጥ በይፋት ቆላ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጣርማበርን በዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ፣ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ ከጉሙና ከብርዱ አገር ተጭኖ የመጣው ጣውላ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ወደሆነው የይፋት ሐሩር ገብቷልና ጠባዩ ይለወጣል። እንጨት በቁመቱ እምብዛም አያጥርም፤ በጎኑ ግን እርጥበቱ በወጣለት መጠን እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ በመቃን ዙሪያ የሚመታው ጌጠኛ የጠርዝ እንጨት፣ ጫፎቹ በ45 ዲግሪ ተቆርጠው ፍጹም ቢገጥሙም፣ ሳይደርቅ ተቸኩሎበት እንደሆነ በበጋው የመገጣጠሚያው ውስጠኛ ጫፍ ይከፈታል፤ ባለቤቱም ጥፋቱን በአናጢው ላይ ይጥላል። ይህ ፍርድ ቅን አይመስለኝም።

በላስታ፣ በ12ኛው መቶ ዓመት እንደተሠራ የሚነገርለት የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ መቅደስ፣ የጣሪያው ጌጠኛ ገበታ እስከ ዘመናችን የቆየው በሠሪዎቹ ጥበብ ብቻ ሳይሆን፣ ቤተ መቅደሱ የተሠራበት ዋሻ ፀሐይና ዝናም ስለከለከለለትም ጭምር ነው። የቆላው ቤት ግን እንዲህ ያለ ከለላ የለውም።

ግድግዳውም የራሱ ፈተና አለው። በማገር ተማግሮ በጭቃ የተመረገ ቤት ማእዘኑ 90 ዲግሪ የሚሆነው ከስንት አንድ ነው፤ ስለዚህ አስተዋይ አናጢ የሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎችን ጫፍ በአንድ ሚስማር አያይዞ፣ በማእዘኑ ልክ ከፍቶ፣ አንግሉን በጣውላ ላይ አስምሮ በኮምፓስ ለሁለት ይከፍለዋል። 94 ዲግሪ ቢሆን እያንዳንዱ እንጨት ከጠርዙ ጋር በ47 ዲግሪ ይቆረጣል። በግድግዳው እግር ለሚመታው ዞኮሎ ግን፣ በውስጠኛው ማእዘን ከዚህ የተሻለ ዘዴ አለ፤ የመጀመሪያው እንጨት ቀጥ ብሎ ተቆርጦ ከግድግዳው ይደርሳል፤ ሁለተኛው በ45 ዲግሪ ከተቆረጠ በኋላ የገለጠውን የጌጡን መስመር ተከትሎ በቀጭን መጋዝ ጀርባው ጥቂት እየተሸረሸረ ይቀረጻል፤ እንዲህም ሆኖ በፊተኛው ላይ ሲለበጥ፣ ግድግዳው ጥቂት ቢጣመም እንኳ ክፍተቱ አይታይም።

ለዞኮሎ ምስጥ ስለሚያሰጋው ጥድ ይመረጣል፤ ጥድ ግን በሚስማር ይሰነጠቃልና አስቀድሞ በቀጭን መሰርሰሪያ መበሳት አለበት።

በይፋት ቤት የምትሠሩ ወገኖቼ ሆይ፣ ጣውላችሁን አስቀድማችሁ ግዙ፤ በሚመታበት ክፍል ውስጥ በመካከሉ ነፋስ እንዲያልፍ በቀጫጭን እንጨት እያለያያችሁ ደርድሩት፤ መድረቁን አናጢው ሳያረጋግጥም መጋዝ እንዲያነሣ አታስቸኩሉት።