ካሜራው ከመወቀሱ በፊት፦ የከዋክብት ፎቶግራፍ በሪያድ ሙቀት

ፀሐይ ከጠለቀች ሰዓታት ቢያልፉም በሪያድ ከተማ ደቡብ ምዕራብ ክፍል የሚገኘው የዑረይጃ ሠፈር በሐምሌ ሌሊት ቶሎ አይበርድም። ቀኑን ሙሉ ሲግል የዋለው የኮንክሪት ጣሪያ ሙቀቱን መልሶ ይተፋል፤ የአየር ማቀዝቀዣዎችም የክፍሎቹን ሙቀት ወደ ውጭ ያስወጣሉ። እንዲህ ባለ ሰገነት ላይ ቴሌስኮፑን ተክሎ ሩቅ ከዋክብትን ፎቶግራፍ ሊያነሣ የተዘጋጀ ሰው ካሜራው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲደርስ በኮምፒውተሩ ያዛል። ቁጥሩ ግን ከዜሮ በታች 4 ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። የማቀዝቀዣው ኃይል መቶ በመቶ እንደሆነ ይነበባል፤ ከዚያ በላይ የሚጨመር ነገር የለም።

ሰውየው መጀመሪያ የሚጠረጥረው በሺዎች በሚቆጠር ሪያል የገዛውን ካሜራ ነው። ለጥገና ቢልከው ሳምንታት ይጠብቃል፤ ሌላ ቢገዛ ሁለተኛ ወጪ ያወጣል። በዚህ ምሳሌ ግን ካሜራው ጤነኛ ነው። የሠራተኛው ጉልበት ሳያንስ ከጉልበቱ በላይ የሆነ ሥራ ታዞበታል።

ነገሩን ለመረዳት የከዋክብት ካሜራ ለምን እንደሚቀዘቅዝ ማወቅ ያስፈልጋል። አብዱረሕማን አስ-ሱፊ እ.ኤ.አ. በ964 ገደማ ስለ ቋሚ ከዋክብት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ እንደ ትንሽ ደመና የመዘገበው የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ብርሃኑ እጅግ ደካማ ነው። ይህን የመሰለውን የሰማይ አካል ለማንሣት የካሜራው ሴንሰር ለደቂቃዎች ያህል ብርሃን መሰብሰብ አለበት። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ግን ብርሃን ብቻ አይጠራቀምም። ሙቀት ራሱ በሴንሰሩ ውስጥ ኤሌክትሮኖችን ስለሚያስለቅቅ፣ የካሜራው ፊት በክዳን ተሸፍኖ እንኳ ሥዕሉ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ይህ የሙቀት ዱካ ሴንሰሩ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር እጥፍ ይሆናል። በመሆኑም 30 ዲግሪ የሞቀ ሴንሰር፣ ዜሮ ዲግሪ ላይ ካለው ጋር ሲነጻጸር ከ20 እስከ 30 ጊዜ የሚበልጥ ዱካ ያስቀምጣል።

ሴንሰሩን የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ መነሻው ፈረንሳዊው ዣን ሻርል ፔልቲዬ እ.ኤ.አ. በ1834 ያስተዋለው ክስተት ነው። ኤሌክትሪክ በሁለት የተለያዩ ቁሶች መጋጠሚያ ሲያልፍ አንዱ ወገን ይቀዘቅዛል፤ ሌላው ይሞቃል። በካሜራው ውስጥ ያለው ትንሽ ሰሌዳ ቀዝቃዛ ፊቱን ወደ ሴንሰሩ፣ ሞቃት ፊቱን ወደ ኋላ ያዞራል፤ ከኋላ ያለው ማራገቢያም ሙቀቱን ወደ ውጭ ይገፋል። ልብ ሊባል የሚገባው መሣሪያው ሙቀትን ከአንድ ወገን ወደ ሌላው የሚያጓጉዝ እንጂ ብርድን ከምንም የሚፈጥር አለመሆኑ ነው። ሙቀቱ የሚራገፈው ደግሞ በዙሪያው ባለው አየር ላይ ነው።

ስለዚህ አምራቾች ብዙውን ጊዜ ቃል የሚገቡት «ከአካባቢው ሙቀት ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በታች» እያሉ እንጂ ተቆርጦ የተወሰነ ዲግሪ እየጠቀሱ አይደለም። ከአካባቢው 35 ዲግሪ ዝቅ ማለት የሚችል ካሜራ፣ ሰገነቱ ላይ 31 ዲግሪ ሙቀት ካለ ከዜሮ በታች 4 ላይ መቆሙ ግዴታው ነው። ይኸው ካሜራ ወደ አዲስ አበባ ተወስዶ፣ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች በተተከሉበትና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍ በሚለው የእንጦጦ ተራራ ላይ 10 ዲግሪ በሆነ ሌሊት ቢሠራ፣ ከዜሮ በታች 25 ሊደርስ ይችላል። ሪያድም ብትሆን በጥር ወር ሌሊቶቿ ወደዚያው 10 ዲግሪ ይጠጋሉ። በሐምሌ «ተበላሸ» የተባለው ካሜራ በጥር ያለ ጥገና «የሚድነው» በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ምርመራ የመቀነስ ስሌት ነው። ለስሌቱ የሚያስፈልገው በስልክ የሚነበበው የከተማው ሙቀት ሳይሆን ካሜራው አጠገብ ያለው ነው። ማቀዝቀዣው ሳይበራ ካሜራው የሚያሳየው ቁጥር ለአካባቢው ሙቀት ቅርብ ስለሆነ መነሻ ይሆናል። ቴሌስኮፑን ከአየር ማቀዝቀዣው የውጭ ክፍል ማራቅና ጣሪያው እስኪበርድ መታገሥም ያለ ምንም ወጪ ጥቂት ዲግሪዎችን ያተርፋል።

ስሌቱ «መድረስ ነበረበት» ካለና ካሜራው ካልደረሰ ቀጥሎ የሚጠየቀው የኤሌክትሪክ መስመሩ ነው። በብዙ ካሜራዎች የሥዕሉ መረጃ በዩኤስቢ ገመድ ሲያልፍ ማቀዝቀዣው ግን የራሱን የ12 ቮልት መስመር ይፈልጋል። በዚህ የተነሣ የ12 ቮልቱ መሰኪያ ቢላላም ካሜራው ሥዕል ማንሣቱን ሊቀጥል ይችላል፤ የማይሠራው ማቀዝቀዣው ብቻ ነው። ገመዱ ራሱም ተጠያቂ ሊሆን ይችላል። ማቀዝቀዣው 3 አምፔር ሲስብ፣ 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ባለ 5 ሜትር የመዳብ ገመድ በመሄጃና በመመለሻው 1 ቮልት ያህል ያስቀራል። ካሜራው ዘንድ የሚደርሰው 12 ሳይሆን 11 ቮልት ነው ማለት ነው። መፍትሔው አጭርና ወፍራም ገመድ፣ እንዲሁም ካሜራው የሚጠይቀውን አምፔር ሳይንገዳገድ የሚሰጥ አዳፕተር ነው። በባትሪ የሚሠራ ሰውም ሌሊቱ በገፋ መጠን ቮልቱ እንደሚወርድ ሊያስብ ይገባል።

ሦስተኛው የአየሩ መተላለፊያ ነው። የሪያድ አቧራ በማራገቢያው ክንፎችና ከበስተጀርባው ባለው ብረት ላይ ሲጋገር ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ማራገቢያው ጨርሶ ከቆመ ደግሞ ሞቃቱ ፊት እየጋለ ሄዶ ቀዝቃዛውንም ፊት ያሞቀዋል፤ እንዲህ ሲሆን ማቀዝቀዣውን ወዲያው ማጥፋት ይገባል። ጽዳቱ የሚከናወነው ኤሌክትሪኩ ተነቅሎ፣ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት ተይዞ፣ በእጅ በሚጨመቅ ንፊያና በለስላሳ ብሩሽ ነው።

እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ተራው የሶፍትዌሩ ነው። ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም በካሜራውና በኮምፒውተሩ መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነው። በዊንዶውስ ብዙዎች አስኮም በተባለው የጋራ መድረክ፣ በሊኑክስ ደግሞ ኢንዲ በተባለው ይጠቀማሉ። አስተርጓሚው ሲሳሳት ምልክቶች ይሰጣል። የሙቀት ቁጥሩ ለረጅም ጊዜ ንቅንቅ ካላለ፣ ወይም በአንድ ጊዜ በብዙ ዲግሪ ከዘለለ፣ የተቋረጠው ግንኙነቱ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ቁጥሩ በአካባቢው ሙቀት ላይ ቆሞ የማቀዝቀዣው ኃይል መቶ በመቶ ቢል፣ ትእዛዙ ደርሷል፤ ያልደረሰው ኤሌክትሪኩ ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ይሆናል።

እዚህ ላይ የሚረዳው አንድ በአንድ መለየት ነው። ካሜራው በቅድሚያ በአምራቹ በራሱ ፕሮግራም ይሞከር። በዚያ እየቀዘቀዘ በሌላው ፕሮግራም እምቢ ካለ ችግሩ ከካሜራው ሳይሆን ከድራይቨሩ ወይም ከቅንብሩ ነው። ሁለት ፕሮግራሞች አንዱን ካሜራ በአንድ ጊዜ እንዳይዙት ማረጋገጥ፣ በዩኤስቢ ማከፋፈያ ፋንታ ካሜራውን በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ጋር ማገናኘት፣ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ብሎ የዩኤስቢ መስመሩን እንዳያስተኛ ማድረግ ያስፈልጋል። ድራይቨሩን ማደስ ካስፈለገ አሮጌውን አስወግዶ አዲሱን ከአምራቹ ማውረድና ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት ይሻላል። በደህና ይሠራ የነበረውን የድራይቨር ቁጥር በማስታወሻ መያዝም ብልኅነት ነው፤ አዲሱ ካስቸገረ መመለሻ ይኖራል። በአንድ ጊዜ ገመዱንም ድራይቨሩንም የለወጠ ሰው ግን ካሜራው ቢስተካከል እንኳ ያዳነው የትኛው እንደሆነ አያውቅም።

የመጨረሻው ፍርድ የሚሰጠው ቤት ውስጥ በሚደረግ ሙከራ ነው። ካሜራው 22 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ፣ ከራሱ አዳፕተርና ከአጭር ገመድ ጋር፣ በአምራቹ ፕሮግራም ይብራ። አምራቹ ከአካባቢው 35 ዲግሪ በታች ብሎ ከሆነ፣ ከዜሮ በታች 10 ድረስ በደቂቃዎች ውስጥ ወርዶ ሊረጋ ይገባል። ይህን ካደረገ ጤነኛ ነው። ካላደረገ ወደ ጥገና የሚላክበት ጊዜ ያን ጊዜ ነው፤ ባለቤቱም የሞከረውን ሁሉ ዘርዝሮ ስለሚጽፍ ጥገናው ይፋጠንለታል።

ቀሪው ጥያቄ ምን ያህል ብርድ እንደሚበቃ ነው። ዑረይጃን በመሰለ መብራት በበዛበት ሠፈር የሰማዩ ፍካት ራሱ በሥዕሉ ላይ የሚጥለው ነጠብጣብ ብዙ ስለሆነ፣ በዘመናዊ ሴንሰር ከዜሮ ወደ ከዜሮ በታች 20 መውረድ የሚያመጣው ልዩነት እምብዛም አይታይም። የሚጠቅመው ሙቀቱ ሳይዋዥቅ መርጋቱ ነው። ምክንያቱም የሙቀቱ ዱካ ከሥዕሉ የሚቀነሰው ክዳኑ ተገጥሞ፣ በእኩል የጊዜ ርዝመትና በእኩል ሙቀት በተነሣ የጨለማ ሥዕል ነው። ካሜራው መቶ በመቶ እየታገለ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ካለ ሁለቱ ሥዕሎች አይገጥሙም። ስለዚህ ማቀዝቀዣው 80 በመቶ ገደማ ኃይል ብቻ እየተጠቀመ የሚይዘውን ሙቀት መምረጥ ይበጃል፤ ለሐምሌ ዜሮ ወይም 5 ዲግሪ፣ ለጥር ከዜሮ በታች 10።

አዲስ ጨረቃን በካሜራ ለሚከታተል ሰው ደግሞ ነገሩ የበለጠ ይቀላል። በምሽት ወጋገን የሚነሣው የጨረቃ ፎቶግራፍ የሚፈጀው ከአንድ ሰከንድ በጣም ያነሰ ጊዜ ነው። በዚያች ቅጽበት ሙቀት የሚያስቀምጠው ዱካ ኢምንት በመሆኑ፣ ቀጭኗን ጨረቃ የሚሸፍናት የሰማዩ ብርሃን እንጂ የካሜራው ሙቀት አይደለም። ማቀዝቀዣው ጠፍቶ ቢቆይም የሚጎድል ነገር የለም።

ወደ ሰገነቱ እንመለስ። የካሜራው ባለቤት ከዜሮ በታች 20 የሚለውን ትእዛዝ ሰርዞ ዜሮ ብሎ ይጽፋል። ቁጥሩ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ዜሮ ላይ ይረጋል። የማቀዝቀዣው ኃይልም ከመቶ ዝቅ ብሎ ይቆማል። ሌሊቱ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ለጥገና ተብሎ ሊታሸግ የነበረው ካሜራም ሥዕሉን ማንሣት ይጀምራል።