ስለ ድካም ሕመምና ስለ ሐሳብ ሕክምና

ድካም ለሰው ሁሉ የታወቀ ነገር ነው። ገበሬው ከእርሻው፣ ጸሓፊው ከመዝገቡ፣ ካህኑም ከማኅሌቱ ደክሞ ይመለሳል፤ ነገር ግን በልቶ ጠጥቶ ሌሊቱን ተኝቶ ካደረ በኋላ ኃይሉ ይመለስለታልና ስለ ድካሙ አብዝቶ አያስብም። ከዚህ የተለየ ሌላ ድካም ደግሞ አለ። ይኸውም እንቅልፍ የማያሳርፈው፣ ዕረፍት የማይሽረው፣ ጥቂት ሥራ በተሠራ ቁጥር የሚብስ ድካም ነው። ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ድካምና በሐሳብ ሕክምና ለመፈወስ ስለ ተደረገው ሙከራ ነው። ነገሩ የሐኪሞች ብቻ ጉዳይ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን የደከመውን ሰው «ታማሚ ነው» ወይም «ሰነፍ ነው» ብለው አስቀድመው የሚፈርዱበት የመሥሪያ ቤቱ አለቃና የነፍስ አባቱ ስለ ሆኑ፣ ነገሩን ለእነርሱ ማስረዳት ይገባል።

ለምሳሌ ያህል፣ በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በሀና ማርያም ሰፈር የሚኖር በአንድ ድርጅት በጸሓፊነት የሚያገለግል ሰው አለ እንበል። ይህ ሰው በማለዳ ተነሥቶ፣ ለታክሲ ተሰልፎ ወደ ሥራው የሚሄድ፣ በበዓልም ቀን ከአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የማይታጣ ትጉህ ነበረ። አንድ ቀን ብርቱ ትኩሳት ያዘው። ትኩሳቱ በሳምንቱ ለቀቀው፤ ድካሙ ግን ሳይለቀው ወራት አለፉ። ተኝቶ ያድራል፤ ሲነሣ ግን ያልተኛ ይመስለዋል። ያነበበውን ይረሳል፤ ሲቆም ራሱን ያዞረዋል። አንድ ቀን ጨክኖ የቀኑን ሥራ የፈጸመ እንደ ሆነ፣ በማግሥቱ ወይም በሣልስቱ ከአልጋው መነሣት ያቅተዋል። ሐኪም ደሙን ቢመረምርለት ጉድለት አላገኘበትም። ከዚህ በኋላ አለቃው «ሰነፈ» ይላል፤ ጎረቤቱ «ሐሳብ አብዝቶ ነው» ይላል፤ ካህኑም «የታካችነት መንፈስ ነውና ስግደት ጨምር» ይለዋል። ሰውየውም በመጨረሻ በራሱ ላይ ይፈርድና ሕመሙን መደበቅ ይጀምራል። በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት አይገኝለትም።

እንዲህ ያለው ፍርድ በእኛ አገር ብቻ የተገኘ አይደለም። በ1955 ዓ.ም. በአውሮጳ አቆጣጠር (ከዚህ በታች የሚነገሩት የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በሎንዶን ሮያል ፍሪ በተባለው ሆስፒታል ወደ 300 የሚጠጉ ሠራተኞች በአንድ ወቅት ታመው፣ ሆስፒታሉ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ተዘግቶ ነበር። ከታመሙትም አንዳንዶቹ ብዙ ዘመን ኃይላቸው አልተመለሰላቸውም። የዓለም የጤና ድርጅት በ1969 ይህን ሕመም ከነርቭ በሽታዎች ጋር መደበው። ነገር ግን በ1970 ሁለት የእንግሊዝ ሐኪሞች ሕሙማኑን ራሳቸው ሳይመረምሩ መዝገባቸውን አንብበው፣ «ነገሩ የብዙ ሰው የመንፈስ መረበሽ ነው» ሲሉ ጻፉ። ከማስረጃቸውም አንዱ ከታመሙት የሚበዙት ሴቶች መሆናቸው ነበር። ይህ ጽሑፍ ለብዙ ዘመን በሐኪሞች ልብ ቀርቶ፣ ሕሙማኑን ከበሽታቸው ይልቅ የሰው አለማመን አስጨነቃቸው።

አሁን ወደ ሐሳብ ሕክምና እንመለስ። በ1960ዎቹ ዓመታት አሮን ቤክ የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም፣ በኀዘን የተዋጡ ሕሙማን ሳይፈልጉት ፈጥኖ በሚመጣባቸው ክፉ ሐሳብ እንደሚጎዱ ተመለከተ። ስለዚህ ሕመምተኛው ያን ሐሳብ እየያዘ እንዲጽፈው፣ እውነት መሆኑንና አለመሆኑን እንደ ዳኛ እንዲመረምረው፣ የቀን ውሎውንም በጥቂት በጥቂቱ እንዲያሻሽል የሚያስተምር ሥርዓት አቆመ። ይህም የሐሳብና የጠባይ ሕክምና ይባላል። ሐሳብን እየጠበቁ መመርመር ለገዳም አባቶች እንግዳ ነገር እንዳይደለ መጻሕፍተ መነኮሳትን ያነበቡ ሁሉ ያውቁታል። ሕክምናው ለኀዘን ሕመም፣ ለጭንቀትና ለእንቅልፍ ማጣት እንደሚጠቅም በብዙ ምርመራ የተረጋገጠ ስለ ሆነ የሚናቅ አይደለም።

ስሕተቱ የመጣው ይህ ሕክምና ለድካም ሕመም በተሰጠ ጊዜ፣ አብሮት ከተሰጠው ምክንያት ነው። አንዳንድ ሐኪሞች «ሕመምተኛው ከመጀመሪያው በሽታ ድኗል፤ አሁን የሚያደክመው መንቀሳቀስን መፍራቱና ተኝቶ መዋሉ ነው» ብለው አሰቡ። ስለዚህም በምክር ፍርሃቱን ማስለቀቅና እንቅስቃሴውን በየሳምንቱ መጨመር እንደሚያድነው አስተማሩ። ይህን ለማስረዳት ፔስ የተባለ ትልቅ ሙከራ በ641 ሕሙማን ላይ ተደርጎ ውጤቱ በ2011 ታተመ፤ ሁለቱም ሕክምናዎች ይጠቅማሉ ተባለ። ነገር ግን ውጤቱን የመረመሩ ሰዎች ብዙ ጉድለት አገኙበት። የሰውነት ብርታት ከ100 በሚለካበት መስፈሪያ፣ ወደ ሙከራው ለመግባት 65 ወይም ከዚያ በታች ማግኘት ታማሚ የሚያሰኝ ሲሆን፣ በመጨረሻ ግን 60 ያገኘው ሰው ከጤነኞቹ መጠን ገብቷል ተብሎ ተቈጠረ። እንግዲህ አንድ ሰው ከገባበት ወርዶ ሳለ እንደ ጤነኛ ሊቈጠር ይችል ነበር ማለት ነው። በ2016 በፍርድ ትእዛዝ የሙከራው መዝገብ ወጥቶ አስቀድሞ በታቀደው መለኪያ እንደ ገና በተሰላ ጊዜ፣ ዳኑ የተባሉት ቍጥር እጅግ አነሰ።

በመካከሉም በ2015 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ብዙ ሺህ ጽሑፎችን መርምሮ፣ ይህ ሕመም የሰውነት ብርቱ በሽታ መሆኑን ገለጠ። ዋና ምልክቱም ከሥራ በኋላ የሚመጣው መባባስ እንደ ሆነ አስታወቀ። በ2021 ናይስ የተባለው የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2007 የሰጠውን ምክር ለወጠ፤ በተወሰነ ልክ እየጨመሩ ማንቀሳቀስ ለእነዚህ ሕሙማን እንዳይሰጥ ከለከለ። የሐሳብና የጠባይ ሕክምናም ለሚፈልገው ሰው ኑሮውን እንዲችል የሚረዳ ድጋፍ እንጂ በሽታውን የሚፈውስ ተደርጎ እንዳይነገር አዘዘ። እስከ ዛሬ የሚፈውሰው መድኃኒት አልተገኘም። የሚመከረው ኃይልን እንደ ጥቂት ገንዘብ መጥኖ ማውጣት፣ ሳይደክሙ ማረፍ፣ በብርታቱ ቀንም ከልክ አለማለፍ ነው።

ይህም ሲባል አእምሮና ሥጋ የተለያዩ ናቸው ማለት አይደለም። ጭንቀት እንቅልፍን እንደሚነሣ፣ የልብንም ትርታ እንደሚያፋጥን ማንም ያውቃል። ረዥም ሕመም ያገኘው ሰው ማዘኑ አይቀርምና የሚያጽናናው መካሪ ያስፈልገዋል። ነገር ግን እግሩ የተሰበረን ሰው ማጽናናት አንድ ነገር ነው፤ «እግርህ የተሰበረ ስለ መሰለህ ነው» ማለት ግን ሌላ ነው። የኀዘን ሕመም ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ የመሥራት ፈቃዱ ይጠፋል፤ ቢንቀሳቀስም ይሻለዋል። የድካም ሕመም ያለበት ግን ፈቃዱ ሳለ ኃይሉ ያንሰዋል፤ ሲንቀሳቀስም ይብስበታል። ይህን ልዩነት ሳይለዩ መምከር ሊጎዳ ይችላል።

በአገራችን ከሁሉ አስቀድሞ የሚገባው ምርመራ ነው። ድካም የደም ማነስ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የኤች አይ ቪ፣ የስኳር በሽታ፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክ፣ የወባና የአንጀት ትል ምልክት ሊሆን ይችላል፤ እነዚህም መድኃኒት አላቸው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ ወዲህ ደግሞ፣ ከዚያ በሽታ ድነው ድካሙ ያልለቀቃቸው ሰዎች እንዳሉ ሐኪም ሁሉ ሊያስብ ይገባዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በልዩ ሙያ ማሠልጠን የጀመረው በ2003 በአውሮጳ አቆጣጠር ነውና፣ በሐሳብ ሕክምና የሠለጠነ ሰው በየሰፈሩ አይገኝም። ስለዚህ በሀና ማርያምም ሆነ በሌላው ሰፈር ሕመምተኛውን ብዙ ጊዜ የሚመክሩት አለቃውና ካህኑ ናቸው።

ለአለቆች የምንለው ይህ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 መሠረት የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ ከ6 ወር አይበልጥም፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ተከታዮቹ ሁለት ወራት በእኩሌታ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ደመወዝ ናቸው። ነገር ግን በአሜሪካው መመዘኛ ድካሙ የዚህ ሕመም ስም የሚሰጠው ከ6 ወር በላይ ሲቆይ ነው። እንግዲህ ሕመሙ ስሙን በሚያገኝበት ጊዜ ፈቃዱ ያልቃል። ሕጉን ማሻሻል የሕግ አውጪ ሥራ ነው፤ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ መስጠት፣ የሥራውን ሰዓት መክፈል፣ በቤት የሚሠራውን በቤት ማሠራት፣ ሳያስመረምሩም በሠራተኛው መዝገብ ላይ «ሰነፍ» ብሎ አለመጻፍ ግን በአለቃው እጅ ያለ ነገር ነው።

ለካህናትም የምንለው አዲስ ትምህርት አይደለም። የታመመ ሰው ከጾም እንዲቃለልለት ቀኖና ይፈቅዳል፤ ስግደትም በአቅም መሆኑን አባቶች ያስተምራሉ። በ2007 በአውሮጳ አቆጣጠር ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበል የሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውንም አብረው እንዲወስዱ፣ ሁለቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ መሆናቸውን በመግለጥ መክረው ነበር። በድካም ሕመምም እንዲሁ ይሁን፤ ጸሎቱ ይጸለይ፣ ምርመራውም አይቅር።

ነቢዩ ኤልያስ በምድረ በዳ ደክሞት ሞትን በለመነ ጊዜ የተላከለት መልአክ አልገሠጸውም፤ እንጀራና ውኃ አቀረበለት፤ እንደ ገናም ተወው ተኛ፤ ዳግመኛ ቀሰቀሰው፤ መንገዱም ከኃይሉ በላይ መሆኑን መሰከረለት። እኛም በደከመው ወንድማችንና በደከመችው እኅታችን ላይ ከመፍረዳችን አስቀድሞ፣ መንገዱ ምን ያህል እንደ ራቀባቸው እንጠይቅ። ምክር የሚጠቅመው ሕመሙን ካመኑ በኋላ ነውና።